የቶሮንቶ ቲቤቶች ላይ የሚስጥር ድራማ ለምትጽፊው እህታችን

ሰላም እህቴ፣ ቶሮንቶ ፓርክዴል ሰፈር ባሉ ቲቤቶች መሀል ሰው የሚጠፋበት ድራማ እየጻፍኩ ነው፣ ሚስጥሩን ከገዳምና ከመነኩሴ ላምጣው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ እዛው ኩዊን ስትሪት ላይ ሬስቶራንት ኪችን ውስጥ ከነሱ ጋር ሰርቻለሁ እና ከገዳም አታምጪው ነው የምልሽ፣ ሚስጥሩ ያለው ወረቀትና ስልክ ላይ ነው።

ወረቀት ያልኩሽ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የቲቤቶች የሃይማኖት መሪ ዳላይ ላማ በ1959 ወደ ህንድ ከተሰደዱ በኋላ ተከትሏቸው የወጣው ህዝብ ልጅ የልጅ ልጅ ወልዶም ዜግነት የሌለው ብዙ ነው፣ ኔፓል ደግሞ ከ1989 በኋላ ለገባ ቲቤት የስደተኛ መታወቂያ መስጠት አቆመች፣ ስለዚህ አንዳንዱ በሰው ስም በሰው የልደት ቀን ነው የሚሻገረው። ሰው ሲጠፋ ጎረቤት ለፖሊስ ዝም የሚለው ጥፋተኛ ስለሆነ አይደለም፣ የጠፋው ልጅ ነገ ቢገኝ የስደት ኬዙን አበላሽበታለሁ ብሎ ፈርቶ ነው። ይሄን ዝምታ በደንብ ከያዝሽው ድራማሽ ቆመ ማለት ነው።

ስም ራሱ ያደናግርልሻል። ዳላይ ላማ ስም ሲያወጡ ከራሳቸው ስም ቴንዚንን ስለሚሰጡ ወንዱም ሴቱም ቴንዚን ነው፣ የቤተሰብ ስም ደግሞ አብዛኛው የለውም። ኪችን ውስጥ ቴንዚን ብለሽ ብትጣሪ ሞሞ (በሊጥ የሚጠቀለል ምግባቸው) የሚጠቀልለውም ሰሃን የምታጥበዋም እኩል ዞር ይላሉ።

ስልኩ ደግሞ ከባድ ነው። ቲቤት በቻይና ስር ስለሆነች እዛ ያለ ዘመድ ውጭ ካለ ሰው ጋር በማውራቱ ሊታሰር ይችላል። አብራኝ የምትሰራ ሴትዮ እናቷ ስትደውልላት ስለ ከብቱና ስለ በረዶው ብቻ ነበር የምታወራው፣ ሌላ አንድ ቃል አይወጣትም፣ አንድ ቀን ደህና ነን ከእንግዲህ አትደውዪ አለቻት በቃ። ሴትዮዋ ጓሮ በር ላይ ቆማ ስልኩን ይዛ ቀረች፣ ከዛ ገብታ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች፣ ማንም ምን ሆንሽ አላላትም ምክንያቱም ሁሉም ገብቶታል።

እባክሽ ሰላይ ነው የምትይውን ሰው ቶሎ አትፍረጂበት። ኒውዮርክ በ2020 አንድ የቲቤት ተወላጅ ፖሊስ ለቻይና ይሰልላል ተብሎ ተከሶ በ2023 ክሱ ተነሳለት፣ ግን እንደዚህ አይነት ወሬ አንዴ ከወጣ ሰው ሰውን እያየ ወሬ መቁረጥ ይጀምራል፣ እሱን ጻፊው።

ሃይማኖቱን ካነሳሽ ደግሞ እኛ አርባ እንደምናወጣው እነሱ 49 ቀን ነው ለሞተ ሰው የሚጸልዩት። የጠፋ ሰው ቤተሰብ ግን ቀኑን ከመቼ ጀምሮ ይቁጠር? ለጸሎቱ ላማ (የሃይማኖት አባት) ቢጠሩ ሞቷል ብለው አመኑ ማለት ነው፣ ባይጠሩ ደግሞ ሞቶ ከሆነ ያለ ጸሎት ሊሄድ ነው። ባልና ሚስቱን እዚህ ላይ አጣያቸው፣ እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ክፍል በዚህ ጠብ ነበር የምከፍተው። ከዛ እዛው ቶሮንቶ ኢቶቢኮ የባህል ማዕከላቸው አለ፣ ሎሳር (አዲስ ዓመታቸው) ሲደርስ ሂጂና ተዋወቂ፣ ስክሪፕቱንም ከማንም በፊት ለነሱ አስነብቢው።