የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አንድ የጆሮ ማዳመጫ ለበገናም ለአዲስ ዘፈንም ይበቃል?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ገመድ አልባ ማዳመጫ አመጣልኝ። አዳዲስ ዘፈኖችን ስሰማበት ቤዙ ደረቴ ድረስ የሚሰማኝ ስለሚመስለኝ በጣም ደስ ይለኛል። በጾም ወቅት በገና ስከፍትበት ግን የደርዳሪው ድምፅና አውታሩ ተደባልቀው ግጥሙን መለየት ያቅተኛል፤ አባቴ የሚወዷቸው የድሮ ዘፈኖችም የታፈኑ ይመስላሉ። በአሮጌው ባለገመድ ኤርፎኔ ስሰማቸው ግን ይሻላሉ። ማዳመጫው ብልሽት አለበት ወይስ ቀረጻዎቹ ናቸው መጥፎዎቹ? ለሁሉም ዓይነት ሙዚቃ የሚሆንስ ይገኛል? (ከሀዋሳ የጻፉልን አንባቢ)

መልስ፦ ማዳመጫዎ ጤነኛ ነው፤ ቀረጻዎቹም በአብዛኛው የሚወቀሱ አይደሉም። ማንኛውም ማዳመጫ ሲሠራ አምራቹ የትኛው ድምፅ ጎልቶ፣ የትኛው ዝቅ ብሎ እንዲሰማ አስቀድሞ ይወስናል፤ የእርስዎ ማዳመጫ ደግሞ እንደ ብዙዎቹ የዛሬ ገመድ አልባ ማዳመጫዎች ወፍራሙን ድምፅ ከፍ አድርጎ የተቃኘ ይመስላል። ይህ ቅኝት ለአንዱ ሙዚቃ ጸጋ ሲሆን ለሌላው ሸክም ይሆናል።

ኸርዝ ድምፅ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚቆጥር መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ወፍራም፣ ሲበዛ ቀጭን ይሆናል። ጤነኛ ወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ይጀምራል፤ በኮምፒውተር የሚቀናበሩት የዛሬ ዘፈኖች ከበሮም ከ40 እስከ 100 ባለው ክልል ውስጥ ነው ጉልበቱ። የወንድ የንግግር ድምፅ መነሻ በ85 እና በ180 መካከል ይውላል፤ የምንናገረውን ቃል ከቃል የሚለዩት ተነባቢዎች ግን በአብዛኛው ከ2,000 ኸርዝ በላይ ናቸው። በተለይ የአማርኛ ግጥም በዚህ ላይኛው ክልል ላይ የተንጠለጠለ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ»፣ «ጨ»ን ከ«ቸ» የሚለየው እጅግ አጭር የሆነ ፍንጥቅታ ነው፤ ማዳመጫው ያንን ፍንጥቅታ ካደበዘዘው ቅኔ ያዘለ ስንኝ ሰሙም ወርቁም አብሮ ይጠፋል። እርስዎ ግጥሙን መለየት ያቃተዎት ለዚህ ነው።

በገና ላይ ችግሩ የሚብስበት ምክንያት በመሣሪያው አሠራር ውስጥ ይገኛል። 10ሩ የአንጀት አውታሮች በርኩማው (አውታሮቹን የሚደግፈው ድልድይ) ላይ ሲያርፉ በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዝራ የሚባለው ትንሽ ቆዳ ይገባል። አውታሩ ሲነካ እንዝራውን እየዳሰሰ ስለሚርገበገብ ያ የምናውቀው ንዝረት ይወጣል፤ ንዝረቱም ወፍራም ብቻ ሳይሆን ብዙ ሺህ ኸርዝ ድረስ የሚዘልቁ ቀጫጭን ድምፆችን ያቀፈ ነው። ደርዳሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ በለሆሳስ፣ ከአውታሩ ብዙም ሳይርቅ ያዜማል። እንግዲህ ማዳመጫው ከ100 እስከ 250 ኸርዝ ያለውን ከፍ ሲያደርገው የድምፁም የአውታሩም ግንድ ያብጣል፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው የእንዝራው ጠርዝ ግን ከሥር ተሸፍኖ ይቀራል።

ማነጻጸሩን ተጨባጭ ለማድረግ በጣም የተለያዩ፣ ግን ሦስቱም በቦርሳ የሚያዙ ማዳመጫዎችን ልጥቀስ። የመጀመሪያው በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ያለው ኮስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚሠራው ፖርታ ፕሮ ነው፤ በስፖንጅ ጆሮ ላይ የሚያርፍ፣ ጀርባው ክፍት የሆነና የሚታጠፍ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውና እስከ ዛሬ በስቱዲዮዎችና በፊልም ቀረጻ ላይ የሚታየው ባለ ጥቅልል ገመዱ ሶኒ ኤምዲአር 7506 ነው። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው፣ የውጭ ጩኸት የሚያጠፋው ገመድ አልባ ሶኒ ደብሊውኤች 1000 ኤክስኤም 4 ሲሆን የእርስዎም ማዳመጫ ከዚህ ወገን ሳይሆን አይቀርም።

በገናን በ7506 ሲሰሙት የጣቱ አነካክ፣ የእንዝራው ንዝረትና የደርዳሪው ትንፋሽ ሦስቱም በየቦታቸው ይቆማሉ፤ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ግጥም ከድምፅ መገልበጥ ቢኖርብኝ ያለ ምንም ማመንታት የምመርጠው እሱን ነው። በፖርታ ፕሮ ያው ዜማ ሞቅ ይላል፣ የመሣሪያው አካል ይሰማል፣ ነገር ግን የንዝረቱ ጠርዝ ትንሽ ይለዝባል። በገመድ አልባው፣ ቅንብሩን ካልነኩት፣ እርስዎ የገለጹት ይደርሳል።

ማሲንቆ ሲመጣ ግን ፍርዱ ይገለበጣል። የፈረስ ጭራው በጭራ ሲፈተግ የሚወጣው ድምፅ በላይኛው ክልል ስለት አለው፤ 7506 ደግሞ ያንኑ ክልል ከፍ አድርጎ ስለሚያሰማ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጆሮ መታከቱ አይቀርም። የአዝማሪው «ሰ» እና «ሸ» ሁሉ ይፋጫል። እዚህ ላይ የፖርታ ፕሮ ልዝብነት ጸጋ ነው፤ ማሲንቆው ስለቱ ሳይጠፋ ሥጋ ይለብሳል። ክራር በመካከል ይቆማል፦ የሚመታው ክር አነሳሱ ፈጣን ስለሆነ ጥርት ያለ ማዳመጫ ይወዳል፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ቤዝ ክራር ካለበት ግን ከሥሩ ጉልበት ይፈልጋል።

አባትዎ ስለሚወዷቸው ዘፈኖች ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ ብዙ ሰው በእነዚህ ቀረጻዎች ላይ ያለ አግባብ ይፈርዳልና። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው አምሃ ሪከርድስና ከእሱ በኋላ የመጣው ካይፋ ያሳተሟቸው ባለ 45 ዙር ትናንሽ ሸክላዎች የዚያን ዘመን የአዲስ አበባ ባንዶችን ድምፅ የያዙ ናቸው። ብዙዎቹ የተቀረጹት ባንዱ በአንድ ክፍል አብሮ እየተጫወተ ነው፤ የነሐስ መሣሪያዎቹ፣ ኦርጋኑ፣ ድራሙና ዘፋኙ አንዱ በሌላው ማይክሮፎን ውስጥ ይገባሉ። ጉልበታቸው ሁሉ ያለው በመካከለኛው ክልል፣ ማለትም ድምፃውያንና ሳክስፎን በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ከ60 ኸርዝ በታች የሚፈለግ ብዙ ነገር የለም። ስለዚህ ቤዙን የሚያጎላ ማዳመጫ ከእነዚህ ቀረጻዎች የሚያገኘው የክፍሉን ጉርምርምታ ብቻ ሲሆን ዘፋኙን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ቀረጻው ሞኖ (ለግራም ለቀኝም ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጥ) ከሆነ ደግሞ ባንዱ በሙሉ ራስ ቅል መሐል የተሰበሰበ ይመስላል፤ ጀርባው ክፍት የሆነ ማዳመጫ ይህን መጨናነቅ ያቀልለዋል። የሙላቱ አስታጥቄን ዓይነት ኢትዮ ጃዝ፣ ቫይብራፎኑ ተመትቶ ቀስ እያለ ሲከስም፣ ክፍት በሆነ ማዳመጫ የሰማ ሰው ዝግ ወደሆነው መመለስ ይከብደዋል። ኢትዮፒክስ በሚል ስም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሲዲ የወጡት ተከታታይ አልበሞች ከኢንተርኔት በየአጋጣሚው ከሚወርዱት ቅጂዎች በጣም የተሻሉ ስለሆኑ ማነጻጸሪያ ሲፈልጉ ከእነሱ ይጀምሩ።

የካሴት ዘመን ዘፈኖች ሌላ ጠባይ አላቸው። የካሴት ሽውታ በላይኛው ክልል ስለሚሰማ 7506ን የመሰለ ማዳመጫ ሽውታውን ከዘፈኑ እኩል ያወጣዋል፤ ለእነዚህም ለስለስ ያለው ይሻላል። ለዛሬዎቹ ቅንብሮች፣ ለሂፕ ሆፕና ለዳንስ ዘፈኖች ግን ገመድ አልባውን የሚያህል የለም። ከ50 ኸርዝ በታች ያለውን እርግጫ ፖርታ ፕሮ በሙሉ አያወጣውም፣ 7506 ደግሞ ያወጣዋል እንጂ አያጎላውም።

ስለዚህ በአንድ ማዳመጫ ሁሉንም ልስማ ካሉ የኔ ምክር ቤዙን ሳይሆን የሰውን ድምፅ መለኪያ አድርገው እንዲመርጡ ነው። የሰው ድምፅ በትክክል የሚሰማበት ማዳመጫ በገናንም፣ ሳክስፎንንም፣ ትዝታንም ይሸከማል፤ የጎደለውን ቤዝ በስልክዎ ቅንብር ጥቂት መጨመር ይቻላል። የተደፈነ ድምፅን መግለጥ ግን የበለጠ ያስቸግራል። ሆኖም ያለዎትን ከመሸጥዎ በፊት ይህን ይሞክሩ፦ በማዳመጫው አፕሊኬሽን ወይም በስልክዎ ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ማስተካከያ) ከ100 እስከ 250 ኸርዝ ያለውን ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ዝቅ ያድርጉ፣ 2,500 አካባቢ ያለውን በ2 ዴሲቤል ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያም «በገና» ብለው ያስቀምጡት። ከመጨመር ይልቅ መቀነስ እንደሚበጅ ያስተውሉ፤ መጨመር ሲበዛ ድምፁ ይሰነጠቃል።

ሁለት ማዳመጫ ሲያነጻጽሩ የድምፁ መጠን እኩል መሆኑን ማረጋገጥ ግድ ነው። አንዱ ከሌላው በ1 ወይም በ2 ዴሲቤል ከፍ ካለ ጆሯችን ከፍ ያለውን «ጥሩ» ይለዋል፤ ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ወፍራሙን ከመካከለኛው ይበልጥ ስለሚዘነጋ፣ ዝቅ ብሎ የሚሰማ ማዳመጫ ያለ ጥፋቱ ቤዝ የለውም ይባላል። የዘፋኙ ድምፅ በሁለቱም እኩል እስኪሰማዎት ያስተካክሉ፣ በቃልዎ ከሚያውቁት ዘፈን ግማሽ ደቂቃ ያህል ይምረጡ፣ ያንኑ እያፈራረቁ ይስሙ። ዝግ ማዳመጫ ከሆነ ስፖንጁ ጆሮዎን በደንብ መክደኑን ይመልከቱ፤ የመነጽር ዘንግ ወይም ሹሩባ በመካከል ከገባ ቤዙ ይሸሻል።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ከአያት እስከ መገናኛ በታክሲ እመላለሳለሁ። ጩኸቱ ስለሚያስቸግረኝ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደርጋለሁ፤ ያም ሆኖ ቤዙ አይሰማኝም። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ይሻለኛል ወይስ ጭንቅላት ላይ የሚደረገው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እባክዎ አስቀድመው ድምፁን ዝቅ ያድርጉት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው ወሰን 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ቤዙ የማይሰማዎት የሞተሩና የመንገዱ ጉርምርምታ ከዘፈኑ ቤዝ ጋር በአንድ ክልል ስለሚውልና ስለሚሸፍነው ነው። ፖርታ ፕሮን የመሰለ ክፍት ማዳመጫ ለእርስዎ አይሆንም፤ የውጩን ያስገባል፣ የእርስዎንም ለጎረቤት ወንበር ያካፍላል። ጆሮ ውስጥ የሚገባ፣ በልክዎ የሆነ ጎማ ያለው ኤርፎን በአነስተኛ ዋጋ ብዙ ጩኸት ይከላከላል፤ ጎማው ሰፍቶ ክፍተት ከተወ ግን ቤዙ ወዲያው ይጠፋል። አቅም ካለ ጩኸት የሚያጠፋው ዓይነት በተለይ ለሞተር ጉርምርምታ የተሠራ ያህል ይረዳል። የረዳቱን ጥሪና የተሳፋሪውን ወሬ ግን ያን ያህል አያጠፋውም። መንገድ ሲሻገሩ ያውልቁት።

ጥያቄ፦ ብሉቱዝ የድምፅ ጥራት ይቀንሳል የሚባለው እውነት ነው? ኮፒ ማዳመጫንስ እንዴት እለያለሁ? (ከደሴ)

መልስ፦ ብሉቱዝ ድምፁን ይጨምቃል፤ ሁሉም መሣሪያ የሚጋራው ኤስቢሲ የተባለ የመጭመቂያ ስልት ብዙውን ጊዜ እስከ 328 ኪሎቢት መረጃ በሰከንድ፣ ኤልዳክ የተባለው ሌላ ስልት ደግሞ እስከ 990 ያስተላልፋል። ነገር ግን መዝሙሩን በ128 ኪሎቢት ተጨምቆ ከቴሌግራም ካወረዱት ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል። ይህን ለማወቅ ጸናጽሉንና ጭብጨባውን ያድምጡ፤ ጥርት ብሎ በመንቃጨል ፈንታ እንደሚፈስ ውኃ የሚንሿሿ ከሆነ ፋይሉ እንጂ ማዳመጫው አይደለም ጥፋተኛው። ገመድ ያለው ማዳመጫ ኪቦርድ ለሚጫወት ሰው ግን ግድ ነው፤ በብሉቱዝ ድምፁ ከጣቱ ዘግይቶ ይደርሳል።

ኮፒውን በካርቶኑ ለመለየት አይድከሙ፤ ካርቶኑን አሳምረው ይሠሩታል። ሱቅ ውስጥ ሳሉ የሚያውቁትን ዘፈን ይክፈቱ። ዘፋኙ መሐል ላይ በመቆም ፈንታ የተበተነ ከመሰለና ቤዙም ከጠፋ የአንዱ ጎን ሽቦ ተገልብጦ ተበይዷል ማለት ነው። ቀጥሎ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርገው ግራና ቀኙ እኩል መሰማታቸውን ይፈትሹ፣ ገመዱንም መሰኪያው አጠገብ በቀስታ ያወዛውዙት። ከተንኮሻኮሸ አይግዙት።