«ሌሊት ልሥራ?» ብላ ለጠየቀችኝ ልጅ፣ ለእናንተም

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ የጎረቤቴ ልጅ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ቋሚ ሥራ ስታጣ በግሏ ትርጉም እየተቀበለች መሥራት ጀምራለች፤ እናንተ ፍሪላንስ የምትሉትን ማለት ነው። «ጋሼ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ሌሊት ነው የሚሠሩት። እኔም ልልመደው?» አለችኝ። ሁለተኛው እስኪቀዳ ድረስ መልስ አልሰጠኋትም። ከሃያ ዓመት በላይ የሆነውን ነገር ቀሰቀሰችብኝ።

መምህርነቱን ትቼ እዚሁ ጅማ በትርጉም ለመኖር ስነሣ፣ ለጥናት የሚመጡ ሰዎች ገጠር ወርደው በኦሮምኛ የቀዱትን ቃለ መጠይቅ በካሴት ያመጡልኝ ነበር። እኔ አዳምጬ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። በዚህ ሥራ የቀደመኝ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ከሰዓት በርጫ ይቀመጣል፣ ማታ ሲመረቅን ጠረጴዛው ላይ ይቀርባል፣ ሲነጋ ሥራው አልቋል። ጽሑፉም እንከን አልነበረበትም፤ ዛሬም እመሰክርለታለሁ። እኔ ግን ከልጅነቴ ወፍ ሲንጫጫ የምነሣ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ዓይኔ የሚከደን ሰው ነኝ። ቢሆንም በግሉ የሚሠራ ሰው ማለት እሱ ነው ብዬ አመንኩና አዳሩን አዳሬ አደረግኩት።

አንድ ክረምት ስለ ገጠር ውሃ የሚያጠና ቡድን ካሴቶቹን አስረከበኝ። ቀን እያዳመጥኩ በማስታወሻ እገለብጣለሁ፣ ሌሊት ከማስታወሻው እተረጉማለሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በ1984 ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ስለተማርኩ፣ ኦሮምኛውን በጥድፊያ ስጽፍ እጄ ወደ ለመደው ፊደል ነበር የሚሄደው። ቁቤ የአናባቢውን መርዘምና ማጠር ይለያል፤ የእኛ ፊደል አይለይም። «ቦሩ» ሲያጥር ነገ ነው፣ ሲረዝም ድፍርስ ነው። ማስታወሻዬ ላይ ሁለቱም «ቦሩ» ናቸው።

አንዲት አሮጊት «ቢሻን ቦሩ ዹግና» ብለዋል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በምርቃና፣ ዓረፍተ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፦ «ነገ ውሃ እንጠጣለን»። እንዲያውም እንዴት የሚያምር ተስፋ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ካሴቱን ወደ ኋላ መልሼ አልሰማሁም። በዚያ ሰዓት ሰው ራሱን በጣም ያምናል።

ከወራት በኋላ የታተመውን ሪፖርት አሳዩኝ። የእኚያ እናት ቃል የነዋሪው ተስፋ በሚል ርዕስ ሥር ለብቻው ተቀምጧል። ካሴቱ እኔ ዘንድ ቀርቶ ስለነበር፣ ምን እንደጎተተኝ እንጃ፣ በማግስቱ ማለዳ ከፈትኩት። «ቦ» ላይ ድምፃቸው ረዘም ይላል። ቀጥለውም «ኩኖ ኢላላ» ይላሉ፤ ይኸው እዩት ማለታቸው ነው። ከዚያ ዕቃ መሬት ላይ ሲቀመጥ ይሰማል። ድፍርሱን ውሃ አምጥተው እያሳዩ ነበር። ድፍርስ ውሃ ነው የምንጠጣው፣ ይኸው እዩት። እኔ ግን በስማቸው ተስፋ ጻፍኩ።

ለቡድኑ አልነገርኩም። ሥራ ይቋረጥብኛል ብዬ ፈራሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ስህተቱ ሳይሆን ይሄ ነው። ክረምት መጥቶ የአዌቱ ወንዝ በከተማው መሃል ደፍርሶ ሲወርድ ባየሁ ቁጥር እኚያ እናት ትዝ ይሉኛል። ስማቸውን እንኳ አላውቅም፤ ካሴቱ ላይ የነበረው ቁጥር ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ማለዳዬ ተመለስኩ። በአንድ ጊዜ ከካሴቱ አንዱን ገጽ፣ ሠላሳ ደቂቃውን ብቻ ነበር የምይዘው። የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ከድምፁ ጋር አስተያያለሁ። ገቢዬ ቀነሰ፤ ለሁለት ዓመት ያህል ተቸግሬአለሁ። ጓደኛዬ እንደ ልማዱ ሌሊት እየሠራ ልጆቹን አስተማረ። ስለዚህ ጥፋቱ የጫቱ ነው፣ የሌሊቱ ነው አልልም። ለእሱ ሆኖለታል። ለእኔ ጆሮዬን ነው የወሰደብኝ።

እናንተ ላይ የማየው ችግር ግን ይብሳል። እኔ የቀዳሁት የአንድ ጓደኛ ውሎ ነው፤ እናንተ በስልክ የሰው ሁሉ ውሎ እያያችሁ በየሳምንቱ አሠራር ትቀይራላችሁ። ውል ያዙ፣ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቁ የሚለውን አልደግምም፤ እሱን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ደንበኛችን አሜሪካ ነው ለምትሉ ግን አንድ ነገር ልበል። ኒው ዮርክ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። ለመነጋገር የምሽቱ ጊዜ ይበቃል፤ ሥራውን የግድ ሌሊት እንድትሠሩት የሚያደርግ ነገር የለም። መብራት ሌሊት ስለማይጠፋ ነው ላላችሁኝ ልጆች ግን መልስ የለኝም፤ እውነታችሁን ነው።

ለልጅቷ የራስሽን ሰዓት ራስሽ ፈልጊ አልኳት። ብያት ሳበቃ ግን አላስቻለኝም፤ የምትተረጉመውን የድምፅ ቅጂ ይዛ ሐሙስ ማለዳ 12 ሰዓት እንድትመጣ ነገርኳት። ወደ ገበያ የሚወርደው ሰው መንገዱን ሳይሞላው፣ ሰፈሩ ጸጥ እንዳለ፣ ሠላሳ ደቂቃውን አብረን እንሰማለን።