ጀፎረውን ለማስከበር ከየት ይጀመራል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የቆየ ቁስሌን ነካው። «አዲስ አበባ የምንኖር የጉራጌ ልጆች ነን፤ የመንደራችን ጀፎረ፣ በቤቶቹ ፊት ያለው ሰፊው የጋራ ሣር መንገድ፣ በአጥር እየተበላ ስለሆነ ማኅበር ልናቋቁም ነው፣ ከየት እንጀምር?» ብለሃል። እኛ ከገንዘብ ጀመርን። የተሳሳትነውም እዚያ ላይ ነው።

ማዋጣቱ አላቃተንም። አባቶቻችን በ1950ዎቹ በመዋጮ መንገድ ያሠሩ ሰዎች ናቸው። ለቅርስ ማሳያ ብለን ትልቅ የሣር ቤት አሠራን። ዕቅዱ ያለቀው ግን እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ አገር ቤት ያሉትን አላማከርንም። ቤቱ ተመረቀ፣ ተቆለፈ። እሳት የማይነድበት የሣር ጣሪያ ጭስ ስለማያገኝ ነፍሳት ይበሉታል። በሁለት ክረምት ማፍሰስ ጀመረ።

ጀፎረውም በዚያው ጊዜ እየጠበበ ነበር። አንዱ አጥሩን አንድ ክንድ ይገፋል፤ ጎረቤቱም አይቶ ይገፋል። ለማያውቀው ሰው ባዶ ሣር ነው። ለእኛ ግን ለቅሶ የምንቀመጥበት፣ ሙሽራ የምንሸኝበት፣ ልጅ ሆነን ጥጃ የጠበቅንበት ነው። ቤቶቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ እሱ ነው ያዞሩት።

ነገሩ የተቃናው በመስቀል ነው። ያኔ ሁሉም አገር ቤት ይገባል። ሽማግሌዎቹን ድንበሩን አሳዩን ብለን ለመንን። እነሱ «ከዚህ ዛፍ እስከዚያ» እያሉ ሲሄዱ ገመድ ይዘን ተከተልን። ወንዶቹ የዘነጉትን የውኃ መውረጃ ያሳዩን እናቶች ናቸው። አጥር የገፉት ሰዎች በሽማግሌ ፊት ተጠየቁ፤ መለሱም። ከስሰን ቢሆን ዛሬም ፍርድ ቤት የምንመላለስ ይመስለኛል። የጆካ ቅጫ፣ የጉራጌ ባህላዊ ሕግ፣ ባለበት አገር መጀመሪያ ወደ ሽማግሌ ነው የሚኬደው።

ማኅበሩን እንደገና ያዋቀርነው ከዚያ በኋላ ነው። ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አምስቱ እዚያው የሚኖሩ ናቸው፤ ሦስቱ ሴቶች። እኛ ገንዘብ እናዋጣለን፣ ሒሳብ እንይዛለን። የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ይሄ ብዙዎቻችንን ቅር አሰኝቶን ነበር፤ እኔንም ጭምር።

ስለ ምዝገባው፦ የፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚቋቋሙትን፣ ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትንም ይመለከታል። የእናንተ ሥራ እዚያው መንደሩ ውስጥ ከሆነ ማኅበሩን እዚያው አቋቁሙት። ምዝገባውን ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ጠይቁ።

የሣር ቤቱ ቁልፍ አሁን እናቶች ጋ ነው። ዕቁባቸውን እዚያ ይጥላሉ፣ ቡና ያፈላሉ፤ እሳቱ ከነደደ ወዲህ ጣሪያው ከነፍሳት ተርፏል። እናንተም ለመስቀል ስትገቡ ገመድ ይዛችሁ ግቡ።