«ጎንደር ሆነሽ የመሬት መንቀጥቀጥ አጥንተሽ ማን ይቀጥርሻል?»

ሰላም እህቴ። ሌሎችም እንዲከተሉን ጥያቄሽን በአጭሩ ላስቀምጠው። ጎንደር ውስጥ የፊዚክስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌና የአዋሽ አካባቢ ሲናጥ፣ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶችሽ ሌሊት ከፎቅ ወርደው ደወሉላችሁ። ከዚያ ወዲህ ልብሽ ጂኦፊዚክስ (የምድርን ውስጥ በፊዚክስ ማጥናት) ላይ ነው። አባትሽ ደግሞ ከላይ ያለውን ጠየቁሽ።

አባትሽ ግማሽ እውነት አላቸው። «የመሬት መንቀጥቀጥ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ቦርድ ላይ ብዙ አታገኚም። የሥራው ዋና ቤት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ነው፤ ቦታው ጥቂት ነው። ስለዚህ መንቀጥቀጥ ብቻ ብለሽ አትግቢ፣ ጂኦፊዚክስ ብለሽ ግቢ። ያው መሬት ውስጥ ስለሚጓዝ ሞገድ የምትማሪው ነገር እንደ አሉቶ ላንጋኖ ባለ ቦታ የእንፋሎት ጉድጓድ የት ይቆፈር፣ ግድብ የሚያርፍበት አለት ምን ይመስላል፣ የከርሰ ምድር ውኃ የት አለ ለሚሉት ሁሉ ይሠራል። እንጀራው እዚያም አለ።

«ጎንደር ሆነሽ» በሚለው ግን አልስማማም። በ1704 እ.ኤ.አ. የደረሰ መንቀጥቀጥ የአፄ ኢያሱን ቤተ መንግሥት እንደጎዳው ይነገራል። ከስምጥ ሸለቆው ስለራቅን ስጋታችን ከአፋር ጋር አይወዳደርም። ግን ዜሮም አይደለም። «ስንት ነው?» ብሎ ማስላት ነው እንግዲህ የዚህ ሙያ ሥራ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ማንም ሳይንቲስት «ማክሰኞ ይንቀጠቀጣል» ሊል አይችልም። እንዲህ የሚልሽ ካለ ቲክቶክ ላይ ነው። ባለሙያው የሚለው «በዚህ ቦታ በሚቀጥሉት 50 ዓመታት ከዚህ መጠን በላይ የመናወጥ ዕድሉ ይህን ያህል ነው» ነው። ያ ቁጥር የሕንፃ ደንብ ውስጥ ይገባል። የ1995 እ.ኤ.አ. ደንባችን የተሠራው በአማካይ በ100 ዓመት አንዴ የሚደርስ መናወጥን ታሳቢ አድርጎ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የመጣው ወደ 475 ዓመት ከፍ አደረገው። ይህ ማለት መሐንዲሱ ለበለጠ ኃይል ያሰላል፤ ዓምዱም ብረቱም በዚያው ልክ ይለወጣል። ስምሽን ማንም ሳያውቀው ፒያሳ የሚሠራ ፎቅ ላይ ቁጥርሽ አለ ማለት ነው። ይህ ካላስደሰተሽ ሙያው ያንቺ አይደለም።

የቀን ውሎው አብዛኛው ኮምፒዩተር ፊት ነው። መስክ ስትወጪ ደግሞ በአፋር ሐሩር የሴይስሞሜትር (የመሬት ንቅናቄ መመዝገቢያ መሣሪያ) ጉድጓድ መቆፈርና የሶላር ባትሪ መቀየር አለ። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ እዚያው አፋር ዳባሁ አካባቢ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሰነጠቅና በቦታው እስከ 8 ሜትር ሲከፈት፣ ስፋቱን የለካው በዋናነት የሳተላይት ራዳር ነው። እንዲህ ያለውን ምስል ላፕቶፕ ካለሽ ዶርም ሆነሽም መተንተን ትችያለሽ (መብራትና ኔት ከፈቀዱ)።

ዘንድሮ ሊኒየር አልጀብራንና ፓይተን የሚባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ አጥብቀሽ ያዢ። ኦብስፓይ የሚባል ነፃ የፓይተን ፕሮግራም አለ፤ የሴይስሞሜትር ሞገድ ያነባል። አዲስ አበባ ዳር የሚገኘው የፉሪ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ መረጃም ለማንም ክፍት ነው። የፈንታሌን ሞገዶች አውርጂ። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ሞገድ በስንት ሰከንድ ልዩነት እንደደረሱ ለኪና ርቀቱን አስዪ። ይኸው ሲኒየር ፕሮጀክት ሆነ።

ማስተርሱን አዲስ አበባ መሥራት ትችያለሽ። ጣሊያን ትሪየስት ያለው የአብዱስ ሳላም ዓለም አቀፍ የፊዚክስ ማዕከልም በምድር ሥርዓት ፊዚክስ ወጪ ተሸፍኖ የሚሰጥ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ አለው። ጃፓን ጹኩባ የሚሰጠው የመሬት መንቀጥቀጥ ሥልጠናም ጥሩ ነው፤ ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ መሆን ይጠይቃል፣ እሱን ሥራ ከያዝሽ በኋላ አስቢው።

አሁን ግን አድቫይዘርሽን ቶሎ አናግሪ። የፕሮጀክት ርዕስ ከተደለደለ በኋላ ማስቀየር ጣጣ ነው።