አማቴ ቶናውን ሳይጠጡ ሄዱ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። ካገባሁ ጀምሮ የባለቤቴን ቤተሰብ ለማስደሰት ያልሆንኩት የለም። ባለፈው ጁምዓ አማቴ ቅቤ ይዘውልኝ ከኮምቦልቻ መጡ። ቡና አፈላሁ። አቦሉን ጠጥተው ቶናው ሳይቀዳ ብድግ አሉ። ከዚያ ወዲህ ስበግን ነው የከረምኩት። ባለቤቴ “ነገር ታበዣለሽ” ስላለኝ ተኳርፈናል። እናቱ እንደናቁኝ እንዴት አይታየውም?

መልስ፦ እህቴ፣ ወሎ ውስጥ በረካው ሳይጠጣ፣ ዱዓው ሳይደረግ መነሳት እንደሚከነክን ይገባኛል። “ነገር ታበዣለሽ” የሚለውም አልረዳሽም፤ በዚህ ቃል የተረጋጋ ሰው አላየሁም።

እስቲ ያቺን ሰዓት እንያት። ያየሽው፣ አማትሽ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ሲሄዱ ነው። የተሰማሽ ንዴት ነው። መሃል ላይ ግን “ናቁኝ” የሚል ሐሳብ አለ። ይህን እሳቸው አልተናገሩም፤ ያልሽው አንቺ ነሽ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ ድብርት ያለባቸውን ታካሚዎቹን ሲያዳምጥ ያስተዋለው ይህንኑ ነው። ሐሳቡ ሽው ብሎ ያልፋል፤ የሚቀረው ስሜቱ ነው። ስለዚህ ያናደደን የሆነው ነገር ራሱ ይመስለናል።

ከሥሩ ደግሞ ሌላ እምነት ያለ ይመስለኛል፦ “አማቴ ካልተደሰቱ ጥሩ ምራት አይደለሁም።” ይህን ይዘሽ ከተቀመጥሽ እያንዳንዱ ሲኒ ፈተና ይሆንብሻል። ይህ እምነት የሌላት ምራት “መኪና እንዳያመልጣቸው ነው” ብላ ረከቦቷን ታነሳ ነበር።

በጎ በጎውን አስቢ እያልኩሽ አይደለም። እውነትም ንቀውሽ ከሆነ ማዘንሽ ተገቢ ነው፤ ያኔ በግልጽ መነጋገር ነው። አሁን ግን ገና አላወቅሽም። ወረቀት አውጪና “ናቁኝ” የሚለውን የሚደግፈውን ባንድ በኩል፣ የሚቃረነውን በሌላ በኩል ጻፊ። ያቺ ቅቤ የት እንደምትገባ አስቢ። የከሰዓቱ የዐስር ሰላት ደርሶባቸው ይሆን? ሐኪም ቡና ቀንሺ ብሏቸው ይሆን?

ከዚያ ራስሽ ደውዪ። “እማዬ፣ ቶናውን ሳይጠጡ ሄዱብኝ፤ ምነው፣ በደህና?” በያቸው። በባልሽ በኩል አትላኪ፤ እሱም አሁን ስለተናደደ መልእክቱን አጣምሞ ያደርስልሻል። ለእሱም “እናትህ ናቁኝ” ከምትይው “እንደናቁኝ ተሰምቶኝ ከፋኝ” ብትይው ይሻላል። የመጀመሪያው እናቱን እንዲከላከል ነው የሚያደርገው።

እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽና ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየብሽ ግን በአካል ባለሙያ ጋ ሂጂ።