መልስ፦ ለቤትም ለጉዞም የሚሆን የቀይ ብርሃን መሣሪያ

ለፊት ቆዳና ለጉልበት ሕመም ትልቅ የቀይ ብርሃን ፓነል (አምፖሎች የተደረደሩበት ሰሌዳ) ይሻላል ወይስ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ብለህ ጠይቀሃል። ከመጠኑ በፊት የሞገድ ርዝመቱን፣ ማለትም የብርሃኑን ዓይነት የሚለየውን በናኖሜትር የሚጻፍ ቁጥር እይ። ለቆዳ ከ630 እስከ 660 ናኖሜትር ያለው ቀይ ይበቃል፤ ለጉልበት ግን ጠለቅ ብሎ የሚገባው ከ810 እስከ 850 ያለው ኢንፍራሬድ ይጨመርበት። ይሄኛው ለዓይን እምብዛም ስለማይታይ አምፖሉ የጠፋ ሲመስል ተበላሽቷል ብለህ አትመልሰው።

ሻጮች የሚሸውዱት ዋቱ ላይ ነው። «300 ዋት» የሚለው ጽሑፍ ቆዳህ ላይ ስንት እንደሚደርስ አይነግርህም። በምን ያህል ርቀት ስንት ሚሊዋት በካሬ ሴንቲሜትር ይሰጣል ብለህ ጠይቅ። በ15 ሴንቲሜትር ርቀት 30 ከሆነ፣ 30ን በ600 ሰከንድ አባዝተህ ለ1000 ስታካፍል በ10 ደቂቃ በካሬ ሴንቲሜትር 18 ጁል (የብርሃን ጉልበት መጠን) ታገኛለህ። ለፊት በ5 ደቂቃ ጀምር። ቁጥሩ በፀሐይ ብርሃን መለኪያ የተለካ ከሆነ አትመነው፣ ለኤልኢዲ (የእነዚህ መሣሪያዎች አምፖል) አጋንኖ ያነባል።

ለጉዞ ጉልበት ላይ የሚጠመጠም ቀበቶ ከትንሽ ፓነል ይሻላል፤ ቆዳ ላይ ስለሚያርፍ ብርሃኑ አይባክንም። ፊት ላይ ግን አይመችም። በአውሮፕላን የምትሄድ ከሆነ ባትሪው ከ100 ዋት-ሰዓት በታች ይሁን፦ 3.7 ቮልት በ10 አምፒር-ሰዓት ሲባዛ 37 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይገባም። ቻርጀሩ ላይም «100–240 ቮልት» መጻፉን አረጋግጥ።

ዶክሲሳይክሊን (አንቲባዮቲክ) ወይም አይሶትሬቲኖይን (የብጉር መድኃኒት) የምትወስድ ከሆነ ሳትገዛ ሐኪም አማክር። ማዲያት ካለብህም እንዲሁ፤ ሙቀቱ ሊያብሰው ይችላል።