በቤት መኪና ለሚጫን ጀልባ፦ መጀመሪያ ክብደቱን እይ

ሰላም ወንድሜ። ለሁለት ሰው የሚሆን፣ በተራ የቤት መኪና የሚጓጓዝ ጀልባ የቱ ይሻላል ላልከው፣ እኔ በአየር የሚነፋውን እመርጥልሃለሁ።

ሌላው አማራጭ የአሉሚኒየም ጀልባ ነው፤ እሱ ግን ጣሪያ ላይ ነው የሚጫነው። የብዙ የቤት መኪኖች ጣሪያ የሚችለው ከ50 እስከ 75 ኪሎ ብቻ ነው፤ የፖርቶመጋላው ክብደት ራሱ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። የአንተን ትክክለኛ ቁጥር ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ታገኘዋለህ። 3 ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ጀልባ ከዚህ ልክ ባያልፍ እንኳ፣ ማን ያነሳዋል? ጠዋት ሁለት ሆናችሁ መጫን ቀላል ነው። ማታ ግን ደክሟችሁ፣ እጃችሁ ረጥቦ፣ ከውሃ ዳር ጭቃ ላይ ቆማችሁ ከራስ በላይ ማንሳት ሌላ ነገር ነው። ሻጩ ጋ ስትሄድ በእርግጥ አንስተህ ሞክረው።

የሚነፋው ተጠቅልሎ ከኋላ ይገባል። ከመግዛትህ በፊት የተጠቀለለበትን ቦርሳ በሜትር ለካ፤ ሞተሩ፣ ፓምፑና የሕይወት አድን ጃኬቶቹም ቦታ ይፈልጋሉ። ወለሉ በአየር የሚሞላ ከሆነ ይቀላል፤ የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም ወለል ለመቆም ይመቻል፣ ግን ይከብዳል። ሞተሩ ባለ አራት ምት (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው የሚሞላ) ከሆነ፣ ስትጭነው አምራቹ ባመለከተው ጎን ብቻ አስተኛው፤ አለበለዚያ ዘይቱ ወደ ሲሊንደር ሊገባ ይችላል። ጀልባውን ሳታደርቅ ጠቅልለህ አታስቀምጥ፤ ይሻግታል።

አሉሚኒየሙ ይሻለኛል ካልክ ደግሞ በጭነት ቀበቶ ብቻ አትመን። አፍንጫውንና ጀርባውን ከመኪናው ፊትና ኋላ ጋር በገመድ እሰር፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ ቆመህ እንደገና አጥብቀው።